ጠብ የማይል ብረት

የተሰጣት ዘጠና ፍሬ ነበር። በቀን አንድ፣ ለሦስት ወር። በአራተኛው ወር መጀመሪያ ዳባት አጠገብ ወዳለው ቤታችን ስመጣ ባዶዎቹን ማሸጊያዎች በላስቲክ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጣቸው አገኘሁ። ቆጠርኳቸው። አንድም ፍሬ አልቀረም። ከዚያ ከሥራ ቦታ ተውሼ ባመጣኋት ትንሽ መለኪያ ጣቷን ወግቼ ደሟን ለካሁ። 9.4 አለ። ክኒኑን ከመጀመሯ በፊት 9.2 ነበር።

“እማዬ፣ የት ነው የምትጥዪው?”

“ምኑን?”

“ክኒኑን።”

ቡና እየቆላች ነበር። መቁያውን ከከሰሉ ላይ አነሳችና ዞር ብላ አየችኝ። “አንቺ ከደባርቅ ድረስ ተሸክመሽ ያመጣሽውን እኔ ልጥለው?”

ቀጥዬ የተናገርኩት ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። ብዙ እናቶች ክኒኑን እየደበቁ እንደሚጥሉት፣ ያቅለሸልሸኛል እያሉ እንደሚተዉት፣ እኔ ደግሞ የላቦራቶሪ ሰው እንደሆንኩና ቁጥር እንደማይዋሽ ነገርኳት። ቁጥር ካልዋሸ የዋሸችው እሷ ናት ማለት ነው። አልመለሰችልኝም። ቡናውን ወቀጠች፣ አፈላች፣ ቀዳችልኝ። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

ቁጥሩ አልዋሸም። እማዬም አልዋሸችም። በሁለቱ መካከል አንድ በር ነበር፤ እኔ ስለዚያ በር ለፈተና አጥንቼ አልፌያለሁ፣ ስለ እናቴ ሳስብ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ በር ነው። ይቅርታም ነው።

* * *

መጀመሪያ እንዴት እንደዘገየን ልናገር። እማዬ ያኔ 46 ዓመቷ ነው። ውኃ ቀድታ ስትመለስ ዳገቷ ላይ ሁለት ጊዜ ማረፍ ጀመረች። ዝናብ መሬቱን ሲመታው “የአፈሩ ሽታ አማረኝ” ትላለች፤ አንድ ቀን ከግድግዳው ላይ የጭቃ ፍርፋሪ ቆንጥራ አፏ ውስጥ ስትጨምር እህቴ አየቻት። አፈር ማማር ብረት ከጎደለው ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ምልክት ነው። እኛ ግን ሳቅንባት። “በዚህ ዕድሜሽ አረገዝሽ እንዴ?” ተባለች።

ደም ማነስ በእኛ ቤት የማይታሰብ ነገር ነበር። ለዚህም ሁለት ምክንያት ነበረን። አንደኛው፣ የደጋ ሰው ደሙ ወፍራም ነው የሚለው ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ደባርቅ ላይ ሲያለከልክ እያየን ነው ያደግነው። አየሩ ሲሳሳ ደም ይወፍራል፣ ደም ከወፈረ እንዴት ያንሳል? ሁለተኛው ጤፍ ነው። ጤፍ የሚበላ ብረት አይጎድለውም። ይህን ከመንደር እስከ ኮሌጅ ያልነገረኝ ሰው የለም።

ሁለቱም ውስጥ ትንሽ እውነት አለ። ሁለቱም እናቴን አሳመሟት።

የወፍራሙን ደም ነገር ሳይንስም ለረጅም ጊዜ ሲያምነው ኖሯል። የላቲን አሜሪካዎቹ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች በከፍታ ላይ ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፤ የሰው ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል ከኢትዮጵያዊው አምሃ ገብረመድህንና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር አንድ ጥናት አሳተመች። ጥናቱ የተሠራው እዚሁ ስሜን ላይ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ 236 ሰዎች ላይ ነው። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆኖ ተገኘ፤ ደማቸው የያዘው የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ። ይህ በባሕር ጠረፍ ዳር የሚኖር ጤነኛ ሰው ቁጥር ነው። የስሜን ሰው ደሙን ሳያወፍር በሌላ መንገድ ከፍታውን ለምዶታል።

ይህ ለእኔ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ለረጅም ዓመታት በተሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ መሠረት አንዲት ያላረገዘች ሴት ከ12 በታች ከሆነች ደም ማነስ አለባት ይባላል፤ በ3,500 ሜትር ላይ ከሆነች ግን 2.7 ይታከልበትና መለያው 14.7 ይሆናል። እንግዲህ አስቡት፦ የብረት እጥረት የሌለባቸው የስሜን ሴቶች አማካያቸው 15.0 ነው። በዚያ ሠንጠረዥ ብንሄድ ከእነዚህ ጤነኞች መካከል ብዙዎቹን “ደም ያንሳችኋል” ብለን ወደ ቤት ልንልክ ነው። ቁጥር ሰውየው የት እንደሚኖር፣ ምን እንደለመደ ካልተጠየቀበት ግማሽ እውነት ነው።

የእማዬ 9.2 ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ አያከራክርም። ወፍራም ደም የለም። ጤነኛ ደም አለ፤ የእሷ ደግሞ አልነበረም።

* * *

ወደ ጤፉ ልመለስ። ከዛሬ ስድሳ ዓመት በፊት ገደማ የኢትዮጵያውያንን ምግብ የመረመሩ ሰዎች አንድ የሚያስገርም ነገር አገኙ፦ የእኛ ሰው በቀን በመቶ ሚሊግራሞች የሚቆጠር ብረት ይበላል። አንድ ሰው በቀን ሊበላው የሚመከረው ከሃያ ሚሊግራም ባነሰበት ዓለም ይህ ተአምር ነበር። ስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር በዚሁ ከፍተኛ የብረት መጠን ላይ ያተኮረ የደም ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተመ። በ1980 ደግሞ በስራትና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የጤፍን ብረት በጥብቅ መርምረው ጻፉ። የጤፉ ፍሬ በደንብ ሲታጠብ ብረቱ ወደ ሌሎቹ እህሎች ደረጃ ይወርዳል። ትርፉ የአፈር ነው።

ይህን ሳነብ የአባቴ አውድማ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። መሬቱ በእበት ተለቅልቆ ይደርቃል፣ ነዶው ይዘረጋል፣ በሬዎቹ ሲያበራዩ ይውላሉ። ጤፍ ከፍሬዎች ሁሉ ደቃቅ ናት፤ ከአቧራው ጋር ስትደባለቅ ማን ይለያታል? በመንሽና በላይዳ ገለባው ይሄዳል፣ አፈሩ ግን ይቀራል። እኛ ጤፍ ነው ብለን የምንመካበት ብረት አብዛኛው የበሬ ኮቴ የረገጠው መሬት ነው።

የአፈር ብረት ደግሞ ዝገት ነው ማለት ይቻላል። ማረሻ ዝናብ ላይ ሲረሳ የሚያወጣው ቀይ ነገር ዓይነት። በቀላሉ አይሟሟም። ያልሟሟ ብረት በአንጀት ውስጥ እንደ ጠጠር ይገባል፣ እንደ ጠጠር ይወጣል። አማርኛችን ለዚህ ቃል አለው፦ ጠብ አይልም። መሶቡ ሙሉ ነው፣ አንጀት ላይ ግን ጠብ አይልም።

* * *

ሰውነት ብረትን ለምን በቀላሉ አያስገባም? ብረት ተቆጣጣሪ ከሌለው መርዝ ስለሆነ ነው። ያለሱ ኦክስጅን መሸከም አንችልም፤ በዝቶ ሲለቀቅ ደግሞ ሕዋሳትን ያበላሻል። ከዚያም በላይ ትርፍ ጨውን ኩላሊት በሽንት እንደሚያወጣው የገባን ትርፍ ብረት የሚያስወጣ መንገድ የለንም። አንዴ ከገባ ገባ ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ ሁሉ መግቢያው ላይ ነው። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ተሰብስቦ ቢመዘን ከ3 እስከ 4 ግራም ነው፤ በቀን የሚገባው 1 ወይም 2 ሚሊግራም ብቻ።

መግቢያው ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም። የውስጥ ግድግዳው በአንድ ረድፍ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ሁለት ፊት አለው፣ አንዱ ወደ ምግቡ፣ ሌላው ወደ ደሙ። ብረት ከምግብ ወደ ደም ለመድረስ ሁለቱንም ማለፍ አለበት። የሕዋሱ ሽፋን ደግሞ ከስብ የተሠራ ነው፤ በውኃ የሟሟ ብረት ስቡን ሰንጥቆ አያልፍም። በር ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው በር እ.ኤ.አ. በ1997 የታወቀው ዲኤምቲ1 የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህ በር መራጭ ነው። ዝገት መልክ የያዘውን ብረት አያሳልፍም፤ መጀመሪያ ተለውጦ፣ ለመሟሟት ቀላል የሆነውን መልክ መያዝ አለበት። ለውጡን በሽፋኑ ላይ ያለ ኢንዛይም ይሠራዋል፣ ቫይታሚን ሲ ያግዘዋል። የጨጓራ አሲድም ብረቱን አሟሙቶ በመላክ የራሱን ይሠራል፤ በሩ ራሱ ብረቱን የሚያስገባው ከአሲድ ቅንጣት ጋር አጣምሮ ነው።

ብረቱ ሕዋሱ ውስጥ ገባ ማለት ግን ደም ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። እዚያ ፌሪቲን የሚባል ጎተራ አለ። ሰውነት ብረት የማይፈልግ ከሆነ ብረቱ ጎተራው ውስጥ ይቀመጣል። የአንጀት ሕዋስ ዕድሜው ጥቂት ቀን ነው፤ ሲያረጅ ይረግፋል፣ ጎተራውንም ይዞ ይወጣል። ሰውነት ከፈለገው ደግሞ በሁለተኛው በር፣ ፌሮፖርቲን በሚባለው፣ ወደ ደም ይወጣል። እዚያ በር ላይ ብረቱን ለጉዞ የሚያዘጋጅ ሌላ ኢንዛይም አለ፤ ስሙን ያገኘው ከግሪኮቹ የቀጥቃጮች አምላክ ነው። ጎንደር ቢገኝ ኖሮ ቀጥቃጩ እንለው ነበር። ከዚያ ትራንስፈሪን የሚባል ተሸካሚ ተረክቦ ቀይ የደም ሕዋስ ወደሚሠራበት መቅኔ ይወስደዋል።

የሁለተኛው በር ቁልፍ ያለው ጉበት ዘንድ ነው። ቁልፉ ሄፕሲዲን ይባላል፤ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 ነው። ብረት ሲበዛ ወይም ሰውነት ሲቆጣ ጉበት ሄፕሲዲን ይለቃል፣ በሩም ይዘጋል። ብረት ሲጎድል ሄፕሲዲን ይቀንሳል፣ በሩም ይከፈታል።

አሁን ወደ እናቴ ቤት እንመለስ። ጎንደር ልከን ያስመረመርነው የደሟ ፌሪቲን 6 ነበር፤ ጎተራው ባዶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የእማዬ በር በዚያ ሦስት ወር ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳይሆን አይቀርም። ዘጠና ቀን ሙሉ እየጠበቀ። ታዲያ የላክንለት ብረት የት ቀረ?

* * *

የነገረችኝ እሷው ናት። ከዚያ ቀን በኋላ በሳምንቱ ስልክ ደወልኩ። በወሬ መካከል፣ ቀለል አድርጋ፣ “ያ ክኒንሽ እኮ ሬንጅ አስመሰለው” አለችኝ።

“ምኑን?”

“ሽንት ቤት የምቀመጠውን ነዋ! ጥቁር፣ ጥቁር። አሁን ክኒኑ ሲያልቅ ለቀቀኝ።”

ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ብረት የሚውጥ ሰው ሰገራው ይጠቁራል፤ ያልገባው ብረት ነው የሚያጠቁረው። እማዬ ሁሉንም ውጣዋለች። ሁሉም ማለት ይቻላል ወጥቷል። ያን ቀን ለማስረጃ የፈለግኩትን ብጠይቃት ኖሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትነግረኝ ነበር። (ጥቁር ሰገራ ከጨጓራ የሚደማ ሰው ምልክትም ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ኋላ አስመርምሯታል፤ አልነበረባትም። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው በራሱ ገምቶ እንዳይተወው።)

ከዚያ መጠየቅ ያለብኝን ጠየቅኩ። ክኒኑን በምን ነው የምትውጪው?

“በቡና ነዋ። ጠዋት ከቡናው ጋር እንዳልረሳው ብዬ።”

አቦል ላይ ክኒኑን ትውጣለች፤ ቶናና በረካ ይከተላሉ። ቡና ውስጥ ያሉ ፖሊፊኖል የሚባሉ ነገሮች ብረትን አንቀው ይይዙታል፤ ታንቆ የመጣን ብረት በሩ ቢከፈትም አያስገባውም። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ እንደቀነሰ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣው ቡና ምንም አላደረገም፤ አንድ ሰዓት ቆይቶ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣው ያህል ቀነሰ። ይህ አንድ ስኒ ነው። የእኛ ቤት ሦስት ነው፣ በቀን ሁለቴ።

“ሌላስ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?”

“ያው የጨጓራዬ ነው።”

ኦሜፕራዞል። ከሦስት ዓመት በፊት ለአሥራ አራት ቀን የታዘዘላት፣ ከዚያ በኋላ ባቃጠላት ቁጥር ራሷ እየገዛች የምትውጠው። ሥራው አሲድ መቀነስ ነው። ብረቱ የሚሟሟው በአሲድ ነው። አሁን ብረት ክኒኑ ሲያቃጥላት እሷ ደግሞ የአሲድ ማጥፊያውን ትጨምርበታለች። አንዱ እጅ ይሰጣል፣ ሌላው እጅ ይነጥቃል።

ምግቡም እንደዚያው ነው። ገብስ፣ ጤፍ፣ ባቄላ፣ ሽሮ፤ ሁሉም ፋይቴት አላቸው፣ ፋይቴትም ብረት ያስራል። እናቶቻችን ሳይነገራቸው መድኃኒቱን አግኝተውታል፦ እርሾ። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ እየፈረሰ ይሄዳል። እማዬ ግን ከደከመች ወዲህ ማቡካቱ ከብዷት ቂጣ አብዝታ ነበር። ደም ሲያንስ ጉልበት ያንሳል፣ ጉልበት ሲያንስ እንጀራው ቂጣ ይሆናል፣ ቂጣው ደግሞ ደሙን መልሶ ያሳንሳል። በቀላሉ የሚገባው የሥጋ ብረት ነው፤ እሱን ደግሞ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ጾም ይይዘዋል፣ የቀረውን ኪስ።

* * *

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶ ነበር። ብረቱ አልገባም፤ እሺ። መጀመሪያ የነበረው የት ሄደ? ሐኪሙ ዘንድ ይዣት የገባሁ ቀን ነው የሰማሁት።

“እናቴ፣ የወር አበባዎ እንዴት ነው?” አላት። ወጣት ነው፤ አቀርቅሮ ነው የጠየቃት።

ወደ እኔ አየች፣ ወደ በሩ አየች። “ከሁለት ዓመት ወዲህ በዝቷል” አለች ቀስ ብላ። “ስምንት ቀን፣ ዘጠኝ ቀን። ሌሊት ተነስቼ ጨርቅ እለውጣለሁ። ዕድሜዬ ነው ብዬ ነው።”

ሁለት ዓመት። እኔ በየወሩ ቤት እመጣለሁ። የሰው ደም እየለካሁ እንጀራዬን እበላለሁ። የእናቴ ደም የት እንደሚሄድ ግን አላውቅም ነበር። ስላልጠየቅኳት አልነገረችኝም። ብጠይቃትም እንደዚያን ቀን በቁጣ ብጠይቃት ኖሮ አትነግረኝም ነበር። አንጀቴን የበላኝ ክኒኑ አይደለም፣ ይኼ ነው።

መድማቱ ሕክምና ተደረገለትና ቀነሰ። ክኒኑን ደግሞ በአዲስ መልክ ጀመርነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወጡ የስዊዘርላንድ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አንድ ብረት ክኒን ራሱ ሄፕሲዲንን ለአንድ ቀን ያህል ከፍ ያደርጋል፤ በማግስቱ የሚዋጠው ክኒን በሩ ገርበብ ብሎ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ አንድ ቀን እየዘለለች እንድትውጠው አደረገ። ማታ፣ ከቡና ርቆ፣ በሎሚ ውኃ። ኦሜፕራዞሉንም በሐኪሙ ምክር ቀስ በቀስ ተወችው። እራት ላይ ጥሬ ቃሪያ እንድትጨምር ነገርኳት፤ ቫይታሚን ሲ አለው። “ይኼንንስ ያለ ኮሌጅም እበላው ነበር” አለች።

ቡናውን ተይ አላልኳትም። ጎረቤት የሚሰበሰብበትን፣ ሙት የሚወሳበትን፣ ልጅ የሚመረቅበትን ነገር በአንድ ጥናት ተይ ማለት አልቻልኩም። ቦታውን ብቻ ነው የለወጥነው፤ ከምግብ በፊት፣ ወይም ሁለት ሰዓት ቆይቶ።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ምክንያቱ ለሁሉም አንድ አይደለም፤ ብረት ብቻም አይደለም። ግን ከእነዚህ መካከል ስንቷ ናት ክኒኗን በአቦል እየዋጠች “አልወሰድሽም” የተባለችው እላለሁ። አሁን ቁጥሩ አልነሳ ያለች ሴት ስትመጣ ከመፍረዴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። በምን ነው የምትውጪው? ሌላ ምን ትወስጃለሽ? ደም ከየት ይሄዳል? የላቦራቶሪ ሥራ አይደለም ይሉኛል። ይሁን።

በሦስተኛው ወር ዳባት ወረድኩ። መለኪያዋን አወጣሁ። እማዬ ጣቷን ዘርግታ ፊቷን አዞረች፤ ዛሬም መርፌ ትፈራለች። 12.1።

“ስንት አለ?” አለችኝ።

ነገርኳት። እየተነሳች፣ “እንግዲህ ቆጥሪ” አለችና ባዶዎቹን ማሸጊያዎች ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

አልቆጠርኳቸውም።